በሞቴ በስፓኒሽ

ትርፊት በስልኳ ስፓኒሽ ተምራ መካከለኛ ደረጃ ብትደርስም፣ ሆሳዕና ላይ የሚያናግራት አጥታ ምላሷን እየበላት ነበር። ጌታ ሲሰጥ፣ የእንሰት ተመራማሪው ስፔናዊ ኢግናስዮ ቤቷ ለምሳ መጣ። ከቡላ የተሠራ፣ ቅቤ የጠጣ አታካና ቀረበለት፤ ገና በሦስተኛው ማንኪያ «ጠገብኩ» አለ።

ምን ሲደረግ! ትርፊት ከአማርኛው ቃል በቃል ገልብጣ፣ በጠራ ስፓኒሽ፣ «በሞቴ!» አለችው።

ሰውዬው ክው አለ።

«አፈር ስሆን!» ጨመረች።

ድሮም ነጭ ነበር፣ ጭራሽ ኖራ መሰለ።

«ቅበረኝ!»

ኢግናስዮ ካልበላ እዚያው የምትሞትበት መስሎት፣ በግራ እጁ የልብ ምቷን እየለካ በቀኙ ሳህኑን ጠራርጎ ጨረሰ።

ትርፊት በኩራት ወደ ባሏ ዞረች። «አየህ ሽብሩ፣ ሰው በገዛ ቋንቋው ሲለምኑት እኮ እንቢ አይልም! በል ድገምለት።»