በሞቴ አይነሱ

እመት መዲና የቀበሌው ሱቅ ደረጃ ላይ፣ የወረፋ ስኳራቸውን እንደታቀፉ አዳልጧቸው ወደቁና ዳሌያቸው ተሰበረ። ደሴ ተወስደው አጥንቱ በብረት ተያያዘላቸው። ያስታመመቻቸው ሲስተር ሥርጉት ታዲያ ለሽበት የማትራራ ሴት ነበረች። ገና ቁስሉ ሳይደርቅ፣ «ተነሽ እንጂ እማማ! ተኝተሽ ከሰነበትሽ ተኝተሽ ትቀሪያለሽ!» እያለች አስጮኸቻቸው። በዕድሜ ልጃቸው የምትሆን ሴት አንቺ ስትላቸው ከስብራቱ እኩል አመማቸው። ቢሆንም ነገሩ ከልባቸው ገባ፤ ጎረቤታቸው መርየምም እንዲሁ ወድቃ፣ ከተኛችበት የወጣችው በቃሬዛ ነበር።

ኮምቦልቻ ቤታቸው ሲገቡ በየቀኑ በክራንች ሊነሱ ቆረጡ። ብሔራዊ ውትድርና ተጠርቶ ወደ ሰሜን የሄደው ልጃቸው በሺር ፈቃድ አግኝቶ ሲመጣ፣ ቆመው ሊቀበሉት ነው። ኧረ የት ተብሎ! ጠያቂው ከሐርቡ፣ ከቢስቲማ ሳይቀር ጎረፈ። እመት መዲና ደግሞ እንግዳ ገብቶ ካልተነሱ የሚያንቃቸው ሰው ናቸው። «ኖር» ብለው ክራንቹን ሲያፈላልጉ እንግዳው ይንደረደርና ትከሻቸውን ተጭኖ፣ «በሞቴ! በሞቴ አይነሱ!» ይላል።

ቀላል ነገር ይመስላል። ግን በሺር ከሄደ ወዲህ እመት መዲና ሞት የሚለውን ቃል እንደ ዋዛ አይሰሙትም። ሰው በሞቱ ምሎባቸው እንዴት ይነሳሉ? ያ ሰው አንድ ነገር ቢሆንስ? መልሰው ጋደም ይላሉ። ምራታቸው ጣይባማ ገና ከትራሱ ቀና ሲሉ፣ «በሺር ይሙት አይነሱብኝ!» ትላለች። ያን ጊዜ እንኳን እግራቸው ትንፋሻቸውም ቀጥ ይላል።

እግራቸው እየሰለለ ሄደ። ግራ ገባቸው። ያቺ ቁጡ ሲስተር ቁሚ ትላለች፣ የሚወዷቸው ሁሉ በፍቅር ያስተኟቸዋል። ወዳጅ ማነው?

ሼህ ዘይኑልአቢዲን ሊጠይቋቸው ሲመጡ ጭንቃቸውን አዋዩዋቸው።

«በሰው ሞት መማል በሸሪዓው የለም፤ መሐላ በአላህ ብቻ ነው» አሉ ሼሁ። «አብሽሩ፣ አያስርዎትም።»

እመት መዲና ሸክም የወረደላቸው ያህል ቀለላቸው። ሼሁ ሊሄዱ ብድግ ሲሉ፣ እሳቸውም ሊሸኟቸው በደስታ ክራንቹን አነሱ። ሼሁ ደነገጡ።

«ወላሂ! ወላሂ አይነሱ!»

ከድጡ ወደ ማጡ። አሁን ደግሞ በአላህ ተማለባቸው። ይሳቁ ያልቅሱ ጠፋቸው።

በማግስቱ አልጣሽ ከኩታበር መጡ። የልጅነት ጓደኛቸው ናቸው፤ ጉልበታቸው ከታመመ ቆይቷል። በሩ ላይ ከዘራቸውን ተክለው ቆሙ እንጂ አልገቡም።

«ኖር አትይኝም?»

«ተምሎብኛል እኮ፣ አልጣሽ።»

«እኔም ምያለሁ። ካልተነሽልኝ አልቀመጥም፣ ማርያምን!»

«አንቺ እብድ፣ ጉልበትሽስ?»

«ይቆረጥ!»

የአልጣሽ እግር ይንቀጠቀጥ ጀመር። እመት መዲና የሼሁን ወላሂ አሰቡ፣ የአልጣሽን ማርያምን አሰቡ፤ የቱ እንደሚከብድ ማን ይንገራቸው? የገባቸው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እንግዳ ደጅ ቆሞ እሳቸው ተኝተዋል። ክራንቹን ያዙ። ጣይባ ከጓዳ እየሮጠች ወጣች።

«በሺር ይሙት፣ እንዳይ...»

«ዝም በይ! ልጄ አይሞትም!»

ዳሌያቸው እንደ እሳት ፈጃቸው። ላብ አጠመቃቸው። ቆሙ።

«ኖር፣ አልጣሽ።»

አልጣሽ ገብተው ወንበሩ ላይ ዘፍ አሉ፤ እንባቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ። «በይ አሁን ተቀመጪ፣ በሞቴ።»

«አልቀመጥም» አሉ እመት መዲና፤ ክራንቹን ወደ ደጁ አዞሩ። «በሺር ሲመጣ በሩ ድረስ ወጥቼ ነው የምቀበለው።»