አውቶቡስ የማይገባበት ከተማ

"መንገድ የለውም?" አሉኝ ጋሽ ሀብተወልድ፣ የቡራዩ ሰፈራችን እድር ሊቀመንበር። ለዓሣ ጥናት ወደ አማዞን ጫካ፣ ኢኪቶስ ወደምትባል የወንዝ ዳር ከተማ ልሄድ ስለነበር ልሰናበታቸው ገብቼ ነው።

"በጀልባ ወይም በአውሮፕላን ብቻ ነው የሚገባው፣ ጋሼ።"

መነጽራቸውን አወለቁ። "እንግዲያው እዚያ እንዳትሞቺ። የእድሩ አውቶቡስ ለቀስተኛ ይዞ ከአምቦ አልፎ አያውቅም።"

እናቴ እባብ ይነድፋታል ብላ ስታለቅስ፣ የእኚህ ሰውዬ ጭንቀት አውቶቡሱ ነው። ተናድጄ ወጣሁ። ቃላቸው ግን አልለቀቀኝም። የቢጫ ወባ ክትባት ተከተብኩ። እዚያም ያልፈላ ውሃ አልጠጣሁም፤ ጀልባ ላይ የመንሳፈፊያ ጃኬቴን አላወለቅኩም፤ ከመሸ ከማረፊያዬ አልወጣሁም። በየቀኑ በቴሌግራም "አልሞትኩም" ብዬ እጽፍላቸው ነበር። እሳቸውም "ጎሽ" ብለው ይመልሳሉ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ በደህና ተመለስኩ። ክረምት ነበርና የሰፈራችንን ድልድይ ጎርፍ ይዞት ሄዷል። ባጃጁ ከወንዙ ወዲህ አወረደኝ። ጋሽ ሀብተወልድ ጃንጥላ ይዘው ከማዶ ቆመዋል። እንኳን ደህና መጣሽ ሊሉኝ መስሎኝ እጄን አውለበለብኩ።

"ፈቲያ" አሉ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ "እዚህም እንዳትሞቺ። አውቶቡሱ አይገባም።"