የጋሼ ጎሪላ ሳል

ጋሼ ጎሪላ ሳል ሲመጣባቸው የመታጠቢያ ቤቱን ቧንቧ እስከ መጨረሻው ይከፍቱታል። ፎጣ አፋቸው ላይ ጭነው ይስላሉ፤ ሲበርድላቸው ፊታቸውን ይታጠቡና ምንም እንዳልሆነ ሰው እያፏጩ ይወጣሉ። ጥሩ ተዋናይ እንኳን አይደሉም። ግን ልጃቸው ልብስ ሰፊ ናት፤ የስፌት መኪናዋ ሲንጫጫ እንኳን ሳል መድፍ ቢተኮስ አይሰማም ብለው ራሳቸውን አሳምነዋል።

ቅጽል ስሙን ያወጣላቸው ሰፈሩ ነው። ዕድሜያቸውን የፈጁት በከተማው የእንስሳት ማቆያ፣ እሜቴ የሚሏትን አንዲት ጎሪላ ሲመግቡና ሲያባብሉ ነው። እሜቴ ስትሞት እሳቸውም ጡረታ ወጡ። ከዚያ ወዲህ የቀራቸው ምኞት አንድ ነው፤ ጎሪላን ያለ ብረት ፍርግርግ፣ በገዛ ጫካዋ ማየት።

አሁን ምኞታቸው ሊሞላ ነው። ልጅቱ የምግብ ጠረጴዛውን በካርታ ሞልታዋለች። በሁለት አውሮፕላን አንዲት ሩቅ የአፍሪካ ዋና ከተማ ይገባሉ፤ እዚያ አድረው ቀኑን ሙሉ በመኪና ወደ ተራራው ግርጌ፣ ከዚያ ከመሪ ኋላ በእግር ጫካውን መውጣት ነው።

አንድ ነገር ብቻ አልገባቸውም፤ ጥድፊያው። ጉዞው የዋለው በዝናቡ ወራት ነው።

«ምነው ልጄ፣ ጭቃ ልናቦካ ነው እንዴ የምንሄደው? ዝናቡ እስኪያባራ ብንጠብቅ ምን አለበት?»

«አሁን ይሻላል፣ አባዬ። ሰው አይበዛም።»

ለዚህ ጉዞ ስትል የሙሽራ ቀሚስ ያዘዙ ደንበኞቿን ሁሉ ወደ ሌላ ሰፊ ሸኝታለች። ሥራ መግፋት የእሷ ጠባይ አይደለም። የእግር ጉዞ ሱሪያቸውንም ወገቡን ለሁለተኛ ጊዜ አጠበበችው፤ ስትለካቸው ቀና ብላ አላየቻቸውም።

የሰፈሩ ፀጉር አስተካካይ እንደ ልማዱ ሊያስቃቸው ሞክሯል። «ጋሼ፣ ጎሪላ ለማየት ይህን ሁሉ አገር ማቋረጥ ምን አመጣው? መስታወቱ ይኸው!» አላቸው። ከት ብለው ሳቁ፤ ሳቃቸው ግን ወደ ሳል ዞረ። ፀጉር አስተካካዩ መቀሱን እንደያዘ ቆሞ ጠበቃቸው፤ ከዚያ በኋላ አልቀለደም።

በጉዞው ዋዜማ የጉዞ ወኪሏ ደወለች። ልጅቱ እየሰፋች ስለነበር የስልኩን ድምፅ ለቃ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው።

«የማይታለፍ ነገር አለ» አለች ወኪሏ። «ጉንፋን ወይም ሳል ያለበት ሰው ወደ ጎሪላዎቹ አይጠጋም። የሰው በሽታ ይጋባባቸዋል፤ ጠባቂዎቹ ከመንገድ ይመልሱታል።»

ጋሼ ጎሪላ ይህን ከእሷ የሚማሩ አልነበሩም። እሜቴን የገደላት ከሰው የያዛት ጉንፋን ነው። ትንፋሿ አጥሮ፣ ጣታቸውን እንደያዘች ነበር የሞተችው። ታዲያ አሁን ሳላቸውን ደብቀው ሌላ ጎሪላ ሊገድሉ ነው? ራሳቸውን ተጸየፉ። ስልኩ ሲዘጋ አዲሱን ጫማቸውን ከሻንጣው አወጡት።

«አንቺ ሂጂ። እኔ ቀርቻለሁ።»

«ምን ሆንክ አባዬ?»

«ሳል አለብኝ። ስደብቅሽ ነው የከረምኩት። ጫካ ለጫካ ጎሪላ ስፈጅ አልኖርም፤ በቃ!»

የስፌት መኪናዋ ቆመች።

«አውቃለሁ» አለች። «በቀን አሥር ጊዜ ፊቱን የሚታጠብ ማን አለ?»

«እያወቅሽ ነው ታዲያ?»

«አይጋባም፣ አባዬ። ለጉዞው የተመረመርክ ዕለት ሐኪሙን ጠይቄዋለሁ። ያንተ ሳል ለሰውም ለእንስሳም አይተላለፍም። ለጠባቂዎቹም ይህንኑ ይጽፍልናል፤ አፍህን ሸፍነህ ከኋላ ትቆማለህ።»

«ተመስገን!» አሉ ጋሼ ጎሪላ። ጫማውን ወደ ሻንጣው መለሱት። «እኔ እኮ ጉንፋን መስሎኝ...»

ጉንፋን ይጋባል። የታመመ እንስሳ ሲያስታምሙ ነው የኖሩት፤ የማይጋባ፣ የማይለቅ፣ ሥጋ የሚጨርስ ሳል ምን እንደሆነ ነጋሪ አያሻቸውም። ጥድፊያው፣ የሙሽሮቹ ቀሚስ፣ ሁለቴ የጠበበው ሱሪ፣ ሁሉም በአንዴ ገባቸው። ከራሳቸው ይልቅ ይህን ብቻዋን ይዛ ለከረመችው ልጃቸው አዘኑ።

«ዝናቡ እስኪያባራ አልደርስም ማለት ነው?» አሉ ቀስ ብለው።

ልጅቱ መርፌው ውስጥ ክር ልታስገባ ሞከረች፤ አልገባ አላት።

ይሄኔ ሳሉ መጣባቸው። ወደ ቧንቧው አልሄዱም። አጠገቧ ቁጭ አሉና ጣቷን ይዘው፣ እየሰማቻቸው፣ እስኪበርድላቸው ሳሉ።