ዝቅ ብሎ የታየው ሳተላይት

ዲሽ ገጣሚዋ ከሥራ ስትመለስ አባቷ ጣሪያ ላይ ናቸው። በካልሲ፣ መፍቻ በእጃቸው፣ ሸሚዛቸው በላብ ጀርባቸው ላይ ተለጥፏል።

ከመጡ ሳምንታቸው ነው። እናቷ ካረፉ በኋላ ብቻቸውን አይኖሩም ብላ፣ የሁለት ቀን መንገድ ተጉዛ፣ ጓዛቸውን ጠቅልላ አመጣቻቸው። ከዚያ ወዲህ አንድ ቦታ አርፈው አልተቀመጡም። በር ከፍተው ይዘጋሉ፣ ግቢውን ይዞራሉ፣ ወንበር ከዚህ አንስተው እዚያ ያደርጋሉ። ዛሬ ደግሞ ይዘውት የመጡት አሮጌ ዲሽ ተራ ደረሰው።

"አባዬ! ወድቀው ሊገድሉኝ ነው?" አለች መሰላሉን እየወጣች።

"እዚያ በነበረበት አዘነባበል ነው ያሰርኩት" አሉ፣ ብረቱ ላይ በቀለም ያሰመሩትን እያሳዩ። "ስንት ዓመት በዚህ ሠርቷል! ሳተላይታችሁ ነው የተበላሸው።"

"እዚያ እኮ ወደ አናትዎ ቀረብ ብሎ ነበር። እዚህ ወደ ፀሐይ መግቢያ ዝቅ ብሎ ነው የሚታየው።"

"ሳተላይቱ ሰማይ ላይ ቆሟል ስትዪኝ አልነበር? የቆመ ነገር እንዴት ዝቅ ይላል?"

አባቷ ዕድሜያቸውን አውቶቡስ ሲነዱ የኖሩ ሰው ናቸውና በሚያውቁት አስረዳቻቸው። "ሁለት አውቶቡሶች ጎን ለጎን እኩል ሲሄዱ፣ ከአንዱ ሆነው ሲያዩት ያኛው የቆመ አይመስልም? ሳተላይቱም ምድር ስትዞር እኩል አብሯት ይዞራል፤ ለእኛ ግን የቆመ ይመስለናል። እሱ ቦታውን አልለቀቀም አባዬ። የመጡት እርስዎ ነዎት።"

ከአፏ ከወጣ በኋላ ደነገጠች።

አባቷ ወደ ሰማይ አንጋጠው ቆዩ። "እኔማ መጣሁ" አሉ ዝግ ብለው። "እናትሽ ግን እዚያው ናት።"

ክንዳቸውን ያዝ ስታደርግ ቀስ ብለው አስለቀቁ። "በይ በይ፣ ሳይመሽ ፍቺው።"

ዲሹን ወደ ምዕራብ አዘነበለችው፤ ሞገድ ሲያገኝ የሚጮኸው መለኪያዋ ዝም አለ። የጎረቤት የውሃ ታንከር የዲሹን ፊት ጋርዶታል። አባት ከወዲያ ልጅ ከወዲህ ተሸክመው ወደ ጣሪያው ሌላኛው ጥግ ወሰዱት። ጥቂት ስታነቃንቀው መለኪያው ጮኸ።

ወርደው ቴሌቪዥኑን ከፈቱ። ምስሉ ጥርት ብሎ መጣ። አባቷ አምስት ደቂቃ እንኳ አላዩም፤ ተነስተው መስኮቱ ጋ ቆሙ፣ ከዚያ በሩ ጋ፣ ከዚያ ተመልሰው መስኮቱ ጋ።

"ነገ ሦስት ቤት ዲሽ እገጥማለሁ" አለች። "መሰላል የሚይዝልኝ ሰው አላገኘሁም።"

"በስንት ሰዓት?"

"ሁለት ሰዓት ላይ።"

በማግስቱ ገና አሥራ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ የመኝታ ቤቷ በር ተንኳኳ። አባቷ ጫማቸውን አስረው፣ ኮታቸውን ቆልፈው ቆመዋል።

"ምነው ልጄ፣ እስካሁን ትተኛለሽ?"