የጽሑፍ ማስረጃ

ካፒቴን ፔልተን የሚባል እንግሊዛዊ አንዲት ባሕረ ሰላጤን ከመርከቡ ሳይወርድ በመነጽር ተመለከተና ስሙን ሰጥቷት ሄደ። መቼም ቸር ሰው ነበር። በዳርቻው ስድስት ትልልቅ የዝግባ ቤቶች ተደርድረው ጭሳቸው ይትጎለጎል ነበር፤ መነጽሩ ግን ሰው አያሳይም ኖሯል። ይኸው እስከ ዛሬ ካርታው «ፔልተን» ይላል። መንግሥት መንደረተኛውን ወደ ከተማ ካዛወረው ስልሳ ዓመት ቢያልፈውም፣ ሰዉ ከጥንት ስሟ ከ«ሂልዊስ» ሌላ ስም አያውቅላትም።

አክስት ሎቲ እዚያ ከተወለዱት የቀሩት እሳቸው ብቻ ናቸው። የወንድማቸው ልጅ ዶሪን ዘንድሮ የሳልሞን ማጥመጃ ጀልባ ይዛ ልትወጣ ነው። ሰው ባሕር ላይ ሲጨንቀው የሚጠራው የለመደውን ስም ነው፤ ነፍስ አድኖቹ ደግሞ የሚያዩት ካርታውን። እናም አክስት ሎቲ ልጅቷ ሳትወጣ «ሂልዊስ» ካርታ ላይ እንዲገባ የቦታ ስም የሚያጸድቀው ኮሚቴ ፊት ቀረቡ።

ኮሚቴው አምስት ሰው ነው፤ አምስቱም በጥሞና ማዳመጥ የሠለጠኑ። ሊቀመንበሩ ሄንሻው ስሙን ለመጥራት ሁለት ጊዜ ታግሎ ውሃ ጠጣ።

«ባሕረ ሰላጤዋ ዳር የበጋ ማረፊያ ቤት ያላቸው ነዋሪዎች፣ ስሙ ለአፋችን ከበደን ብለዋል» አለ።

«እኔም ‹ፔልተን› እንደከበደኝ አረጀሁ፤ ማን ጠየቀኝ?» አሉ አክስት ሎቲ።

ዶሪን በክርኗ ጎሸም አደረገቻቸው። «አክስቴ፣ ቀስ በይ እንጂ!»

«ቀስ ስል አይደል እንዴ ሰማንያ የሞላኝ!»

ሄንሻው ፈገግ አለ፤ ደመወዝ የሚበላው ለዚያም ነው። «ወይዘሮ ሎቲ፣ ደንብ ነው። ስሙ በቅርብ ጊዜ እንደተሠራበት የሚያሳይ የጽሑፍ ማስረጃ ያስፈልገናል። የቃል አይበቃም።»

የሂልዊስ ሰዎች አራት ሺህ ዓመት ኖረው አንድ ቁራጭ ወረቀት አለመያዛቸው በእርግጥ ያሳፍራል።

አክስት ሎቲ ከቦርሳቸው ወረቀት አወጡ። የዶሪን አባት ዊልፍሬድ የሰመጠ ዕለት፣ የነፍስ አድኑ ሬዲዮ ጣቢያ ከመዘገበው የተገለበጠ ነው። ለዶሪን አሳይተዋት አያውቁም፤ አንጀታቸው አልቻለም።

«አንብበው፤ ጮክ ብለህ» አሉት።

ሄንሻው አነበበ። «አሥር ሰዓት ከሃያ፦ ‹ጀልባዬ ውሃ እየገባት ነው፣ ሂልዊስ መግቢያ ላይ ነኝ።› አሥር ሰዓት ከሃያ አምስት፦ ‹ሂልዊስ ነኝ።› አሥር ተኩል፦ ‹ሂልዊስ!›» ድምፁ እየወረደ ሄደ። «የሬዲዮ ሠራተኛው ማስታወሻ፦ በዚህ ስም የሚጠራ ቦታ ካርታ ላይ የለም።»

ዶሪን ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች።

«ሦስት ጊዜ ተጽፏል» አሉ አክስት ሎቲ። «አነሰ ካላችሁ፣ ዶሪን ዘንድሮ ከባሕር ላይ ትጨምርላችኋለች።»