ከሌላ ሱቅ የተገዛ እንጀራ

ብዙዬ አራት ፓኬት እንጀራ ባንኮኒው ላይ ስታስቀምጥ ወንድሙ የሚባለው ባለሱቅ ቀና ብሎ አያት። አውሮራ ከተማ ካለው ሀበሻ የማን ቤት ስንት እንጀራ እንደሚበላ እንደሱ የሚያውቅ የለም፤ የእሷ ሁሌም ሁለት ነው።

"እንግዳ መጣልሽ እንዴ?"

"የልጄ በርዝደይ ነው" አለች ሳታስብ።

"በሁዳዴ?"

ወይ ጉድ! መዋሸት ያልለመደበት ሰው ሲዋሽ እንዲህ ነው። ምን ብላ እንደወጣች ለራሷም አልታወቃት። ጓደኛዋ ፋና ከባሏ ዱላ አምልጣ፣ የሴቶች መጠለያ ውስጥ ቦታ እስኪገኝላት ብላ እሷ ቤት ቤዝመንት፣ ምድር ቤቱ ውስጥ ከገባች ሳምንቷ ነው። ባልየው ግዛው ደግሞ ታክሲውን እዚሁ ሱቅ በር ላይ ፓርክ እያደረገ፣ ያገኘውን ሀበሻ ሁሉ ሚስቴን አይታችኋል ወይ ይላል። ካገኘኋት አልምራትም ማለቱንም ሰው ሰምቷል።

እንግልውድ ሰፈር ሥራዋ ቦታ ደርሳ፣ የምትንከባከባቸውን ሚስ ዊልማን ቁርስ ስታበላ ልቧ እዚያው ሱቅ ነበር። ሰማንያ ያለፋቸው ሆላንዳዊት ፊቷን አይተው አልለቀቋትም፤ ምን ሆነሻል ሲሏት ሁሉንም ዘረገፈችው።

ሚስ ዊልማ ማንኪያቸውን አስቀመጡ። ልጅ ሳሉ፣ ናዚዎች አይሁዶችን እያደኑ በሚወስዱበት ጊዜ፣ ወላጆቻቸው አንድ አይሁዳዊ ልብስ ሰፊ ከነሚስቱ ከጣሪያቸው ሥር ባለች ጠባብ ክፍል ሁለት ዓመት እንደደበቁ ነገሯት። አባትየው አናጢ፣ እናትየው ልብስ አጣቢ፤ ተራ ሰዎች።

"እናቴ ከሰፈራችን ዳቦ ቤት የምትገዛው የእኛን ብቻ ነበር" አሉ። "የእነሱን አባቴ በብስክሌት ሌላ መንደር ሄዶ ያመጣል። ዳቦ ሻጩ ስንት ሰው እንደሆንን ያውቃላ።"

"አይፈሩም ነበር?"

"እናቴማ እጇ ይንቀጠቀጥ ነበር። በዚያው እጇ ነው ዳቦውን የምትቆርስላቸው።"

እንዴት ያሉ ሰዎች ናቸው፣ ቢያዙ ሞት እንደሚጠብቃቸው እያወቁ! ብዙዬ የአሮጊቷን እጅ ሳመች።

ከሥራ ስትወጣ ወደ ወንድሙ ሱቅ ተመለሰች። ግዛው ባንኮኒውን ተደግፎ ቆሟል። ከአራቱ ሁለቱን ፓኬት አውጥታ መለሰች።

"እውነትህን ነው፣ በጾም ምን በርዝደይ አለ። ለፋሲካ አቆይተነዋል።"

ወንድሙ ሳቀ። ግዛው ስልኩን መነካካቱን ቀጠለ።

መኪናዋ ውስጥ ገብታ መሪውን ስትይዝ እጇ ይንቀጠቀጥ ነበር። ወደ ቤቷ የሚያስገባውን መንገድ አለፈችና፣ ማንም ወደማያውቃት፣ ሴንቴኒያል ከተማ ወዳለው ሌላ የሀበሻ ሱቅ ነዳች፤ ሁለት ፓኬት ልትገዛ።