ሸክላው ይፍረድ

አባቴ የሸክላ ማጫወቻው ድምፅ ጥርት እንዲል የፈለገው ምስክር ሊያደርገው ስላሰበ ነው።

ነገሩ የተጀመረው ቀብር ላይ ነው። የቤተ ክርስቲያናችንን ወጣት መዘምራን የሚመራው ታዴዎስ፣ በሐዘን ሁሉ የሚዘመረውን የሀዲይኛ መዝሙር በኪቦርድ አጅቦ ፈጠን አድርጎ አስጀመረው። አባቴ ከዘራውን አንስቶ መሀል ገባ።

«አቁም! ሰው እየቀበርን ነው!»

ታዴዎስ አንገቱን ደፍቶ፣ «ጋሼ፣ መዝሙሩ እንዲህም ይሄዳል ብዬ ነው» አለ።

ያቺ መልስ ጣጣ አመጣች። የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌዎች፣ ሐዘንተኛ ፊት ቀልዷል ብለው ከአገልግሎት አገዱት። ወጣቶቹ አኮረፉ። እሁድ የመዘምራኑ ወንበር ግማሹ ባዶውን ይውል ጀመር። በመጨረሻ አባቴ፣ «እኔ ምን አገባኝ፤ ሸክላው ይፍረድ» አለ። ሽማግሌዎቹ ታዴዎስን ይዘው ቅዳሜ ቤታችን መጥተው ሊሰሙ ተቀጠሩ።

ያንን መዝሙር ለሆሳዕና ከተማ ሰው ያስተማረው አባቴ፣ መምህር ሆሴዕ፣ ነው። ሸክላውንም ማጫወቻውንም የሰጠችው በሚሲዮን ክሊኒክ የምትሠራ አሜሪካዊት ነርስ ናት፤ በአብዮቱ ጊዜ አገር ለቃ ስትሄድ። ሸክላው ላይ የሚዘምሩት የገጠር ሴቶች ናቸው። ስማቸውን የሚያውቅ የለም፣ አባቴም አግኝቷቸው አያውቅም። ደርግ ቤተ ክርስቲያኑን ሲዘጋ አባቴ ገና ወጣት አስተማሪ ነበር። ማጫወቻውን በጋቢ ሸፍኖ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ጎረምሶችን አንድ ሁለት እያስገባ አስጠናቸው። ሰው ሳይጠረጠር ተሰብስቦ የሚዘምርበት ቦታ ቀብር ብቻ ስለነበር የተማሩትን እዚያ ዘመሩት። ቀርፋፋና ከባድ ነው፤ ለሐዘን የተፈጠረ ይመስላል። እናቴን በእሱ ቀበርናት። ወንድሜን ሚክያስንም በእሱ ቀበርነው።

አሁን የአባቴ ልብ ደክሟል፣ እግሩ ያብጣል። የማጫወቻው መርፌ ደግሞ ይንሸራተታል፤ ከመዝሙሩ ይልቅ ጫጫታው ይሰማል።

«ሶስና፣ እንዲህ ሆኖ ቢሰሙት መሳቂያ ነው የምሆነው» አለኝ። «መርፌውን አስቀይሪ፤ እምቢ ካለም ሌላ ማጫወቻ ፈልጊ። የተማርሽው አንቺ ነሽ።»

መናኸሪያው አጠገብ ሬዲዮና ቴሌቪዥን የሚጠግነው ናስረዲን ዕቃውን ሲያይ ሳቀ።

«ሶሲ፣ መንገድ ተሳስተሻል። ይሄ የሚወሰደው ቅርስ ጥበቃ ነው።»

«መርፌ ብቻ ነው የፈለግኩት።»

«መርፌውስ ከመርካቶ ይመጣል። ግን ላረጀ በሬ አዲስ ቀንበር ምን ያደርጋል?»

ይህን እያለ ገልብጦ አቧራውን ሲጠርግ ከሥሩ የተለጠፈች ትንሽ የቆርቆሮ ጽሑፍ ብቅ አለች። እኔ ሁለተኛ ደረጃ ፊዚክስ አስተምራለሁ። ጽሑፏን አንድ ጊዜ አነበብኩ፤ ከዚያ ጎንበስ ብዬ ደገምኩት። ማጫወቻው የተሠራው ለአሜሪካ መብራት ነው። ነርሷ ኃይሉን ዝቅ የሚያደርግ ትራንስፎርመር አብራ ሰጥታለች፤ ሞተሩ ግን የሚዞረው የመብራቱን ምት ተከትሎ ነው። በሰከንድ የእነሱ ስድሳ ነው፣ የእኛ ሃምሳ። ትራንስፎርመር ይህን አይለውጥም። እንግዲያው ይህ ዕቃ አገራችን ከገባ ጀምሮ አንድ ቀን እንኳ በራሱ ፍጥነት ዞሮ አያውቅም።

«ምን አየሽ?» አለ ናስረዲን።

«ይዘገያል።»

«ያረጀ ሁሉ ይዘገያል።»

«በእርጅና አይደለም። ሲመጣም እንዲሁ ነበር።»

«ታዲያ እስከ ዛሬ ማን ከሰሰው?» ብሎ መፍቻውን አነሳ።

እህቴ ራሄል ዱራሜ ትነግዳለች። ስደውልላት ገበያው ጆሮዋ ላይ ይጮኽ ነበር።

«መርፌ መርፌ አትበይኝ! ሽማግሌ ሰብስበሽ በዚያ ኮተት ልታሳፍሪው ነው? አዲስ አበባ ያለው የባለቤቴ ወንድም ደህና ማጫወቻ አግኝቷል። በአውቶቡስ ይልከዋል።»

«ራሄል፣ ያኛው ለእኛ መብራት የተሠራ ከሆነ መዝሙሩ ይፈጥናል።»

«ቢፈጥንስ?»

«ታዴዎስ እንዳለው ይሆናል።»

ለአንድ ገበያተኛ ዋጋ ነገረች። ከዚያ፣ «አንቺ ደግሞ፣ ትምህርትሽ ሁልጊዜ የሚፈነዳው ቤታችን ውስጥ ነው» ብላ ዘጋችው።

መርፌውም አዲሱ ማጫወቻም ሐሙስ ደረሱ። አባቴ ለምርመራ ጤና ጣቢያ ሄዶ ነበር። ከስሌቱ የማውቀውን በጆሮዬ ልስማ ብዬ ሸክላውን አዲሱ ላይ አደረግኩት።

ሴቶቹ ወጣቶች ነበሩ። እኔ የማውቃቸው ሐዘን ያጎበጣቸው እናቶች ነበሩ፤ እነዚህ ገና ያላገቡ ልጃገረዶች ይመስላሉ። ከሥር ከበሮ መስሎን የኖረው የእጅ ጭብጨባ ነው። በየአዝማቹ መጨረሻ ላይ የሚረዝም አንድ ድምፅ አለ። ቀብር ላይ እዚያ ስንደርስ ሴቶች ደረታቸውን ይይዛሉ፤ እኔም ሚክያስ ወደ ጉድጓዱ ሲወርድ የጮኽኩት እዚያ ቦታ ላይ ነው። ያ ድምፅ እልልታ ነበር። ሊያልቅ ሲል አንዷ ሳቋ አመለጣት።

መርፌውን ሳነሳ አባቴ በሩ ላይ ቆሟል። ባጃጁ ደጅ ድረስ አምጥቶት ኖሯል፤ አልሰማሁም።

«እነማን ናቸው?» አለ።

«እነሱው ናቸው፣ አባዬ።»

መጥቶ ተቀመጠና፣ «ድገሚው» አለ። ደገምኩት። እጁ መዝሙር ሲያስጠና እንደለመደው ከጉልበቱ ተነሳ፤ ሊከተላቸው ሞከረ፣ ቀደሙት፣ ተወው።

«ውሸታሙ የትኛው ነው?»

«አሮጌው። የእኛ መብራት አይስማማውም።»

«ከመጀመሪያው?»

«ከመጀመሪያው።»

ረጅም ጊዜ ሸክላውን አየ። «ሚክያስን በዚህ ቀበርነው» አለ።

«አላወቅንም፣ አባዬ።»

«እነሱ ግን ይስቃሉ።»

ማጫወቻውን አጠፋሁት። ግን አንድ ነገር መናገር ነበረብኝ፤ «ታዴዎስ የታገደው ያለ ጥፋቱ ነው፤ ቅዳሜ እንንገራቸው» አልኩ።

«ለማን ነው የምነግረው? ለአበራሽ? ሦስት ልጆቿን ቀብራለች። ሦስቱንም እኔ ነኝ አዝማቹን ይዤ የሸኘሁላት። ‹ያለቀስሽበት እልልታ ነው› ልበላት?»

«ታዴዎስስ?»

ትንፋሽ ሲያጥረው እንደሚያደርገው በአፍንጫው ሁለት ጊዜ ሳበ። «ይሄን ወደ ካርቶኑ መልሺው» አለ አዲሱን እያሳየኝ። «መርፌውን አሮጌው ላይ ግጠሚ።»

«አባዬ...»

«ግጠሚ አልኩሽ፣ ልጄ።»

ገጠምኩት።

ቅዳሜ ሽማግሌዎቹ መጡ። ታዴዎስ ነጭ ሸሚዝ ለብሶ በር አጠገብ ተቀመጠ። አንደኛው ሽማግሌ፣ «መምህር፣ ዳኛው ደህና አድሯል?» ብለው ቀለዱ፤ አባቴ ፈገግ ለማለት ሞከረ። ጸሎት ተደረገ። ማጫወቻውን ከፈትኩት።

እንደዚያ ቀን ጥርት ብሎ ተሰምቶ አያውቅም። አዲሱ መርፌ ጫጫታውን ሁሉ አጥፍቶት ቀርፋፋነቱ ብቻ ቀረ፤ እያንዳንዱ ቃል ከባድ ነገር እንደተሸከመ ሰው ይራመዳል። አዝማቹ መጨረሻ ላይ የቀለዱት ሽማግሌ መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን ጠረጉ። ታዴዎስ ጆሮውን ወደ ማጫወቻው አዘንብሎ ሰማ። ፊቱ ላይ አንድ ጥያቄ መጣና ሄደ። ሲያልቅ ተነሥቶ አባቴ እግር ሥር ተንበረከከ።

«ጋሼ፣ ይቅር በሉኝ። ተሳስቻለሁ። የመዝሙሩን መንፈስ አላወቅኩትም ነበር።»

የአባቴ እጅ ከታዴዎስ ራስ በላይ አየር ላይ ቆመ። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ። አሁን ይናገራል ብዬ የጠረጴዛውን ጠርዝ ያዝኩ። ሽማግሌዎቹ ያዩት የሸመገለ ሰው ስሜት ሲያሸንፈው ነው፤ እኔ የማየው ሌላ ነበር።

«ይቅር ብያለሁ» አለ አባቴ። እጁ ወረደ። «ተነሥ።»

እገዳው እዚያው ተነሣ። ሁሉም እፎይ አሉ፤ አንዱ የታዴዎስን ጀርባ መታ መታ አደረገና፣ «ኪቦርዱንም ንስሐ አስገባው እንግዲህ» ብሎ አሳቃቸው። ታዴዎስም ሳቀ፤ ዓይኑ ግን ቀልቶ ነበር። ከዚያ ስልኩን ከኪሱ አወጣ።

«ጋሼ፣ ከፈቀዱልኝ ልቅዳው? ልጆቹ ከእንግዲህ ከዚህ ላይ ይማሩት። ለዱራሜና ለሺንሺቾ መዘምራንም እልክላቸዋለሁ። እነሱም ማፍጠን ጀምረዋል።»

አባቴ ከሐሙስ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብሎ ዓይኔን አየ። ጠበቅኩት። እሱም እኔን የሚጠብቅ መሰለኝ። ፊቱን መለሰ።

«ቅዳው» አለ።

ታዴዎስ ስልኩን ድምፅ ማጉያው አጠገብ አስቀመጠ። አንድ ሽማግሌ ሳላቸውን በመሐረብ አፈኑ። ታዴዎስ ዝግጁ ነኝ ብሎ ራሱን ነቀነቀልኝ። መርፌውን አንስቼ ከመጀመሪያው አስቀመጥኩት።